የአቶ ሀብተ ማርያም መታወቂያ

አውራ ጣቷን በፎቶግራፉና በስሙ ላይ ጭና መታወቂያውን ከፍ አድርጋ አሳየች፤ እርምጃዋን ግን አልቀነሰችም። የምድር ባቡር ሠራተኞች በጣቢያው በር የሚያልፉት እንዲህ ነበር፤ ዘበኛው ቀለሙን ከሩቅ ያያል እንጂ ካርዱን አይነካም። ማንበብ እንደማይችልም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መታወቂያው የባሏ ነበር፤ እሱ ካረፈ ስምንት ወር ሆኖታል። በሌላ እጇ የልጇን መነጽር ይዛ ነበር፤ ጠዋት ለውትድርና ሲያፍሱት ከፊቱ ወድቆ ጎረቤት ያመጣላት ነው። ልጇ ያለ መነጽሩ የሰው ፊት አይለይም፤ እሱን የጫነው ባቡር ደግሞ ሊነሳ ነው።

«እትዬ፣ ቁሚ እስቲ አቦ» አላት ዘበኛው።

ቆመች፤ አልተርበተበተችም። «የምድር ባቡር ነኝ።»

«እሱንማ ቀለሙ ይናገራል። ጣትሽን አንሺ፣ ላንብበው።»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምታነበው?»

«ከመሠረተ ትምህርት ወዲህ። አምና የምስክር ወረቀት ተቀበልኩ።»

ጣቷን አነሳች። ዘበኛው ካርዱን ሳይነካ ጎንበስ ብሎ ፊደል በፊደል እየቆጠረ አነበበ፤ «ሀ... ብ... ተ... ማርያም።» ከቀብሩ ወዲህ ያን ስም በፊቷ ጮክ ብሎ የጠራ አልነበረም። አንገቷን ቀና እንዳደረገች ቆየች። እሱ የፎቶግራፉን ሪዝ አየ፤ እሷን አየ፤ የያዘችውን መነጽርም አየ። ባቡሩ ጮኸ።

«አቶ ሀብተ ማርያም» አለ በሩን እየከፈተላት፣ «ፈጠን ብለው ይለፉ። ምልምሎቹ ሦስተኛው ፉርጎ ላይ ናቸው።»