የፍሪጁ መብራት

ጠበቃ ነኝ ያለው ሰውዬ ከሰርካለም ጎን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እሷ የፖሊስ ፎቶዎችን እያየች፣ ግድያ የተፈጸመበትን ኩሽና በኮምፒውተር ቁልጭ አድርጋ ሠርታለታለች፤ በገዳዩ ቦታም አንድ ሰው አቁማበታለች። የእያንዳንዱን መብራት ብርሃን ለየብቻው ለይታ ስላስቀመጠችው፣ አንዱን ማጥፋት ወይም ማድመቅ ምስሉን እንደ አዲስ መሥራት አይጠይቅም፤ የጣት ሥራ ነው።

«ጎረቤትየዋ በመስኮት አሻግሬ የገዳዩን ፊት አይቻለሁ ብላለች» አለ ሰውዬው። «እስቲ የጣሪያውን አምፖል አጥፊው።»

አጠፋችው።

«የኮሪደሩንም።»

እሱም ጠፋ። የቆመው ሰው ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሰውዬው በረጅሙ ተነፈሰ።

«ይኸው። በዚህ ጨለማ የማንን ፊት ትለያለች?»

ሰርካለም ግን በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። ፎቶዎቹን ስታገላብጥ ማንም ልብ ያላለውን ነገር አይታ ነበር፤ የፍሪጁ በር ገርበብ ብሏል።

«አንድ የቀረ መብራት አለ፣ ጋሼ» አለች ኮራ ብላ፤ የፍሪጁንም ብርሃን ቀስ እያለች ከፍ አደረገችው። የቆመው ሰው አገጭ፣ ከዚያ አፍንጫው፣ ከዚያ ዓይኖቹ ተራ በተራ ከጨለማው ወጡ።

ሰውዬው ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ቀረ።

«ለካ አልዘጋሁትም» አለ ለራሱ፣ በለሆሳስ።

ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ እንደ አባት በለዘበ ድምፅ ጠየቃት።

«ልጄ፣ ካንቺ ሌላ ይሄን ያየ ሰው አለ?»