ጫማዋ ሲሚንቶ ውስጥ የቀረባት አህያ

አባትየው ግንበኛ ነው፤ ፊደል አልቆጠረም። ከሥራ ሲገባ ግን የሴት ልጁን የሥዕል መጽሐፍ ገልጦ፣ ያነበበ እየመሰለ፣ ጫማዋ ሲሚንቶ ውስጥ ደርቆ ስለቀረባት አህያ ከራሱ እየፈጠረ ያወራላት ነበር። ትንሽ ዝም ካለ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ "አልተኛሁም እኮ!" ትለዋለች። ሁሌም መጨረሻውን ሳትሰማ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስዳታል።

ልጅቷ ሞታ ከተቀበረች ወዲህ መጽሐፉን የነካው አልነበረም። ዛሬ ታናሽ እህቱ የልጅቷን ልብስ ልታጣጥፍ መጥታ አነሳችው።

"እስቲ እውነተኛውን አንብቢልኝ" አላት።

"'የአህያዋ ጫማ ሲሚንቶ ውስጥ ደርቆ ቀረ...'"

"ይሄንንማ እኔ ነኝ የፈጠርኩት!"

"ጋሼ ደግሞ! ታትሞ ይኸው።"

እያነበበች የመጨረሻውን ገጽ ገለጠችና ንባቧን አቆመች።

"ቀጥይ እንጂ።"

"'አባዬ፣ አልተኛሁም እኮ'" ብላ አነበበች፣ ጣቷን በታተመው መስመር ላይ እያስኬደች። "'ለምን አቆምክ?'"