የጠዋት ቀብር

የሚኒባሱ ሾፌር ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ባየ ቁጥር መሪውን ለቆ ሦስቴ ያማትባል። ትምህርት ቤቱ ፊት ያለው ዜብራ ላይ ግን ቆሞ አያውቅም። ቦርሳ ያዘሉ ሕፃናት ዳር ላይ ተኮልኩለው ሲያይ ክላክሱን እያስጮኸ፣ «ይሩጡ! እግር የተሰጣቸው ለምን ሆነና!» ብሎ ያልፋል።

ዛሬ ጠዋት እዚያው ሲደርስ የእድር ጥሩምባ ተነፋ። አራት ሽማግሌዎች በጋቢ የተሸፈነ ቃሬዛ ተሸክመው ዜብራው መሀል ገቡና ከሚኒባሱ ፊት ቆሙ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ዘፈኑን ዘጋ፤ ኮፍያውንም አወለቀ። ከኋላው ያለው መኪና ክላክስ ቢያደርግ አንገቱን አውጥቶ፣ «ሰው ሞቶ እያየህ? አረመኔ!» ሲል ሰደበው።

ከቃሬዛው ጀርባ ተማሪዎቹ ባዶ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ ሳይሮጡ ተሻገሩ። የእድሩ ሰብሳቢ እትዬ የሺመቤት ቃሬዛው አጠገብ ቆመው ያሳልፏቸዋል።

«ነፍስ ይማር፣ እትዬ! ማን ነው የሞተብን?» አለ ሾፌሩ።

«እስካሁን ማንም፣ ልጄ» አሉና ጋቢውን ገለጥ አደረጉለት። ቃሬዛው ላይ የልጆቹ ቦርሳ ተደርድሯል።

«ነገም በዚሁ ሰዓት ቀብር አለን፤ እንዳትቀርብን።»