የተመለሰው ባትሪ

ጭሮ ከተማ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ያውም ሰው ጥሩ እንቅልፍ ሲወስደው። የአስራ አንደኛ ክፍሏ ፈርዶሳ ለዚህ መላ አበጀች፤ ቧንቧው ውሃ መትፋት ሲጀምር ቤቱን ሙሉ የሚቀሰቅስ ደወል ሠራች። አንድ ዴስክ ላይ አብራት የምትቀመጠው ሩሐማ ደግሞ በደሳ ቡና የሚያመርተውን አጎቷን አስባ፣ በማራገቢያ ቡና የሚያደርቅ ሳጥን ሠራች። ቅዳሜ ዳኞች መጥተው ከሁለቱ አንዱን አዳማ ለሚካሄደው የተማሪዎች ውድድር ይመርጣሉ።

ሐሙስ ከሰዓት የፊዚክስ መምህራቸው ጋሽ ዘገየ ሁለት ያገለገሉ የሞተር ብስክሌት ባትሪዎች አምጥተው በዕጣ ሰጧቸው። መልካቸውም መጠናቸውም አንድ ነው። ፈርዶሳ የደረሳትን ገጠመች፣ ደወሉን አንዴ አስጮኸችና እዚያው ትታው ወደ ቤቷ ሄደች። የሩሐማ ማራገቢያ ግን ጥቂት ዞሮ ቆመ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው።

ቤተ ሙከራው ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ሩሐማ ክፉ ልጅ አይደለችም። ክፉ ዕጣ ነው የወጣላት፤ ለራሷ ያለችው ቢያንስ እንደዚያ ነው። ሁለቱን ባትሪዎች አቀያየረችና በጥቁር ናስትሮ ጠቀለለቻቸው። ማራገቢያው ሽው አለ። ደስ ሊላት ሲገባ፣ ሰው እንዳይሰማ ፈጥና አጠፋችው።

የሌባ ዓይነ ደረቅ ይባላል። የሩሐማ ዓይን ግን ምኑም አልደረቀም። አርብ ቀኑን ሙሉ ከፈርዶሳ ስትሸሽ ዋለች፤ ቤተ ሙከራው አካባቢም ድርሽ አላለችም።

ማምሻውን ፈርዶሳ ከቤተ ሙከራው ወጥታ የግቢው በር ላይ ደረሰችባት። አባቷ በድሪ ነገ ከሂርና እንደሚመጡ ነገረቻት። በድሪ ጫት ነጋዴ ናቸው፤ በገበያ ቀን ሥራቸውን ትተው አያውቁም። ነገ ግን የልጄን ደወል ሳልሰማ አልቀርም ብለዋል። ይህን ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አቦ ሩሐማ፣ ባትሪ ካስቸገረሽ ንገሪኝ እሺ? ወንድሜ ጋራዥ ሌላ አይጠፋም።»

«ኧረ ምንም አላስቸገረኝ» አለች ሩሐማ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። እሷ የሰረቀቻት ልጅ ባትሪ ልትሰጣት ነበር። ኀፍረቱ ከበደሉ ባሰባት።

ቅዳሜ በማለዳ ጥበቃውን ጋሽ ገብሬን፣ ማራገቢያዬን ልወልውል ብላ ለመነቻቸው። እያጉረመረሙ ከፈቱላት። በጥድፊያ ቀለሙን እንኳ ሳታስተውል ቀዩን ናስትሮ ከሁለቱም ላይ ላጠች፣ ባትሪዎቹን አቀያየረች፣ ሽቦዎቹን አሰረች። ለመሞከር ጊዜ አልነበራትም፤ ዳኞቹ ግቢ ገብተዋል። የእሷ ማራገቢያ ተዋርዶ እንደሚቆም ታውቃለች። ይቁም። ከሐሙስ ወዲህ ገና አሁን በደንብ ተነፈሰች።

በድሪ ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፈርዶሳ ቧንቧውን ከፈተች። ደወሉ እንደ ጫጩት አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ዘግታ ከፈተች፤ ዝም። ሩሐማ ሽቦውን በደንብ ሳላጠብቀው ቀርቼ ነው ብላ በላብ ተጠመቀች። ልነሳ አልነሳ ስትል ዳኛው ይበቃል አሉ። በድሪ ብቻቸውን አጨበጨቡ።

ቀጥሎ ሩሐማ ተጠራች። ማራገቢያው ሽው ብሎ ተነሳና የዳኞቹን ወረቀት በተነው። ሰዉ ሳቀ። ያረፈ ባትሪ አንዳንዴ ነፍስ ይዘራል ሲሉ ሰምታለች፤ ይኸው ነው እንግዲህ አለች በልቧ። ወደ አዳማ የምትሄደው ሩሐማ ናት ተባለ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ወጥታ ሮጠች። ፈርዶሳ አጥሩ ሥር ቆማ አባቷን ትጠብቃለች።

«ሐሙስ ባትሪሽን በእኔ ቀይሬብሽ ነበር» አለቻት፤ እንባዋ ቀደማት። «ግን ጸጸተኝ። ዛሬ ጠዋት ማንም ሳያይ መለስኩልሽ፤ እመብርሃን ምስክሬ ናት። ለምን እንዳልጮኸ አላውቅም።»



«እኔ እኮ» አለች ፈርዶሳ፣ «ትናንት መልሼው ነበር።»