የማይጮህበት ክፍል

ሐሙስ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ። ታየች ቡችላውን ጭኗ ላይ አስተኝታ የፊት እግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ትነካካለች። እኔ የብረት ሳህን ይዤ ከክፍሉ ጥግ ቆሜአለሁ። ልጇ ፋሲካ ከሞተች ስምንት ሰዓት አልፏታል። እኔ አውቃለሁ፤ ታየች አታውቅም።

የምንሠራው ከሪያድ ወጣ ብሎ ባለ የውሻ ማሠልጠኛ ውስጥ ነው። ቡችሎቹ አድገው ዓይነ ስውራንን ይመራሉ። ከዚያ በፊት እኛ ጋ ይቆያሉ። ሰው ጆሯቸውን ሲዳብስ፣ አፋቸውን ከፍቶ ሲያይ መታገሥን ይማራሉ። በሚንኮሻኮሽ ፕላስቲክ ላይ ይራመዳሉ። ድንገት ድምፅ ሲሰሙ ከመሸሽ ዞር ብለው ማየትን ይለምዳሉ። አለቃችን ሸሪፋ በቡችሎቹ ስምንተኛ የዕድሜ ሳምንት ላይ ቀልድ አታውቅም። በዚህ ሳምንት አንዴ ክፉኛ የደነገጠ ቡችላ ድንጋጤው ዕድሜ ልኩን አይለቀውም ትላለች። ስለዚህ እዚያ ክፍል ጫማ ይወለቃል፣ በዝግታ ይወራል፣ አይጮህም።

ስልኩ የተደወለው አምስት ሰዓት ላይ፣ ለሾፌራችን ለጋሽ ወልደማርያም ነበር። የታየች ወንድም ነው ከደብረ ብርሃን። ልጅቷ ትኩሳት ጠንቶባት አድራ ንጋት ላይ አርፋለች። እናቷ ዛሬ ማታ ከተሳፈረች ትደርሳለች፤ ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ጋሽ ወልደማርያም ከመኪናው ጀርባ ጠርቶ ነገረኝ። መርዶ ብቻዋን ላለች ሴት አይነገርም አለኝ፤ ሰው ያስፈልጋል፣ የሚይዛት ያስፈልጋል። በላይነሽና አዜብ፣ ሌሎቹም የአገሯ ልጆች፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሥራ ሲወጡ ፉጣ ሰፈር ካለው ቤታችን ይሰበሰባሉ። ያኔ እሱ ራሱ ይነግራታል። እኔም ታየች ከአገር ለመውጣት የሚያስፈልጋትን ቪዛ የሚያስጨርሰው የድርጅቱ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ መንዱቡ ኡመር፣ ስምንት ሰዓት ላይ እንደሚወጣና እስከ እሑድ ስልክ እንደማያነሳ አስታወስኩት።  የመኪናውን በር ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

«አንቺ ትነግሪያታለሽ፣ ልጄ?» አለኝ።

ክፍሉ ውስጥ ቡችላ አለ፣ አልኩት። እዚያ አይጮህም።

ይህን ነው የመለስኩት።

አሁን ታየች ጣዪው ስትል ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ ሳህኑን ጣልኩት። ቡችላው ጆሮውን አቁሞ አየኝ። እሷም በዚያው ቅጽበት ምግቡን አጎረሰችው፣ «ጎበዝ፣ የኔ ጌታ» እያለች በሹክሹክታ። አንድ እርምጃ ቀረብኩ። ደግሜ ጣልኩት። አልሸሸም።

ደስ ብሏት ለቀቀችው። እየተንከባለለ መጥቶ እጄን ላሰው።

«በቃ፣ ዘቢባ ሰባት ጊዜ ልትታጠብ ነው» አለችኝ በስሜ፤ ውሻ የላሰውን እኛ ሙስሊሞች ሰባት ጊዜ እንደምናጥብ ታውቃለች። «ይሄ ጌታ አድጎ ሥራ ሲጀምር አንቺ ገና አራተኛው ላይ ነሽ።»

ሳቅኩ። እንዴት እንደሳቅኩ አላውቅም።

ከእጄ ግን አልበላም። ምግቡን ዘረጋሁለት፤ አሸተተውና ወደ ኋላ አለ። ታየች ይህን አየች። ሁልጊዜም ከቡችሎቹ በፊት የምታየው የያዛቸውን ሰው ነው፤ ሸሪፋም ስለዚህ ነው የምትወዳት።

«ከእጅሽ አልበላ አለ። ምን ሆነሻል፣ እህቴ?»

ሐሙስ ስለሆነ ጾሜአለሁ አልኳት። ጠዋት አብረን ሻይ ጠጥተን ነበር። አላረመችኝም። ትንሽ አየችኝና ዓይኗን ወደ ቡችላው መለሰች። ከእንቅልፏ ከተነሳች ጀምሮ እሷም ልቧ ጥሩ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ትናንት ማታ በስልክ እናቷ፣ የፋሲካ አያት፣ ልጅቷን ትንሽ አተኩሷታል ብላት ነበር። ልጅቷም ስልኩን ተቀብላ ስለ ትምህርት ቤቷ ስታወራላት፣ እሷ ደክሟት ስለነበር ነገ ትነግሪኛለሽ ብላ ዘግታባታለች። ስምንት ሰዓት ላይ ለእረፍት ስትወጣ ልትደውልላት አስባለች።

«ትኩሳት እኮ ልጅ ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል» አለች። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀችኝ። «ደህና ትሆናለች፣ አይደል?»

«ደህና ትሆናለች» አልኩ።

በሩ በቀስታ ተከፈተ። ኡመር ነው። ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቷል፤ የመኪና ቁልፉ እጁ ላይ ነው። ሸሪፋ ደጋግማ ስለገሠጸችው እሱም ሕጓን ያውቃል፤ አንገቱን ብቻ አስገብቶ በሹክሹክታ በዐረብኛ ጠየቀን። ወረቀት ያላችሁ አላችሁ? ቪዛ፣ የመኖሪያ ኢቃማ፣ ምንም? ያላ፣ ልወጣ ነው።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ቡችላው መጥቶ በሁለቱ እግሮቼ መካከል ተቀምጦ ነበር፤ ሙቀቱ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ይሰማኛል።

ታየች ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ቡችላው አሳየችው። «እኛ ምንም የለንም፣ ኡመር» አለችው ፈገግ ብላ። «መልካም ጁምዓ ይሁንልህ።»

እሱም እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። በሩን ሲዘጋ ቡችላው እንዳይደነግጥ እጀታውን ይዞ፣ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ቆይቶ መኪናው ሲነሳ ሰማሁ። ድምፁ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ከዚያ ጠፋ።

«ያላ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ» አለችኝ ታየች። «ከቅርብ።»

ጣልኩት።

ፋሲካ አርብ በዘጠኝ ሰዓት ተቀበረች። ታየች የተሳፈረችው ሰኞ ማታ ነው።