የእናትየው ወግ

አብሯቸው ይሠራ የነበረ አንድ አይሪሽ ሰው ሞቶ፣ ነዚፋና ሁለት ጓደኞቿ ከሚኖሩበት ከፓይን ሌክ ብሩክሄቨን እናቱ ቤት ድረስ ነድተው ለቅሶ ደረሱ። ቤቱ ግን በሳቅ ተሞልቶ ነበር። ሟቹ ሳሎኑ መሀል ክፍት ሳጥን ውስጥ ተኝቶ፣ እናቱ እጅጌውን ይዛ የልጅነት ጥፋቱን እያወራች ለቀስተኛውን ታስቅ ነበር።

ነዚፋ አልቻለችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ "ወይኔ ወንድሜ" እያለች ደረቷን መታች። ሳቁ ቀጥ አለ። አንዷ ጓደኛዋ ክንዷን ይዛ "ፕሊስ ነዚፋ፣ እዚህ እንደዚህ አይለቀስም፤ እነሱ ሟች የሚሸኙት በወግ ነው" አለቻት።

እናትየው ወጉን የት እንዳደረሰችው ጠፋባት። ጥግ ይዘው የቆሙት የቀብር ድርጅቱ ሠራተኞች ያበቃች መስሏቸው ክዳኑን ሊዘጉ ቀረቡ።

"አልጨረስኩም እኮ" አለች እናትየው፣ እጅጌውን ሳትለቅ። "እስክትጨርሺ አንዘጋውም ብላችሁኝ ነበር።"