ሰላም ሲመጣ

ያን ዓመት ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ። ጦርነቱም አምስተኛ ዓመቱን ያዘ። መንገዱ ተዘጋ፤ ጨው ጠፋ፤ የሳሙና ስሙ ብቻ ቀረ። ማሽላ ያለው ሰው ጌታ ሆነ።

ባሏ የሞተባት ስንዱ፣ ጦርነቱ ሲጀመር ለነጋዴው ለደምለው ሁለት ጆንያ ማሽላ አበድራው ነበር። አሁን ልጆቿ ሲርባቸው በየገበያው ትለምነዋለች።

«አያ ደምለው፣ ኧረ እህሌን!»

«ሰላም ሲመጣ አልኩሽ እኮ፣ እታለም» ይላታል። ጎተራው ግን ሙሉ ነው። ዋጋ እስኪጨምር ይጠብቃል።

አንድ ቅዳሜ ስንዱ እልል እያለች ገበያው መሃል ገባች።

«ሰላም መጣ! ኧረ ጎረቤት፣ ሰላም መጣ!»

ገበያው ተተራመሰ። ጨው የለኝም ሲል የከረመው ሁሉ የደበቀውን ጨው እየጎተተ አወጣ። ሳሙና በካርቶን ተዘረገፈ። ዋጋው ከቁርስ እስከ ምሳ በግማሽ ወረደ። ደምለውም ማሽላው መርከሱ ካልቀረ ብሎ ዕዳውን ሊገላገል ሁለት ጆንያ አሸክሞ እየሮጠ መጣ።

«እንቺ! እናንተም መስክሩልኝ፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ!»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ደምለው።»

«ማን ይሸከምልሻል ታዲያ?»

«ሰላም ነዋ!»

አምና ጦሩ ለጥይት ጭነት የወሰደባት አህያ፣ አንድ ጆሮውን አጥቶ፣ እያነከሰ ከኋላዋ ደረሰ። ስንዱ ሁለቱን ጆንያ ጫነችበትና ጀርባውን ቸብ አደረገችው።

«በል ሂድ፣ ሰላም!»